የማይጮኸው ጅራፍ

የእንስሳት ሐኪሙ ሲደውል መርማሪዋ ገና ቁርሷን አልጨረሰችም ነበር።

«ሰው ሞቷል» አላት። «ፈረስ ገደለችው እየተባለ ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትደውላለህ? ለፈረስ የሚሆን ካቴና የለኝም።»

«የፈረሷ ባለቤት ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በመርፌ ግደላት ብሎኛል። መድኃኒቱን ይዤ መጥቼ ነበር፤ ግን እጄ እምቢ አለኝ።» ወጣቱ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ፈርቷል። ሬሳውን ቢፈሩ ይገባኛል፤ እነሱ ግን እርስ በርስ ነው የሚፈራሩት። እባክዎ ይምጡልኝ።»

መርማሪዋ ያልጨረሰችውን ዳቦ እንደያዘች ተነሣች። ከነፍሰ ገዳይ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ሻይ የምትጠጣ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ናት። ፈረስ ግን ትፈራለች። ትንሽ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ፈረስ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ካየች ሱቅ ገብታ የማትፈልገውን ሳሙና የምትገዛ ዓይነት ፈሪ ናት። እንዲህ ያለ ገመና ለሥራ ባልደረባ አይነገርምና ለማንም ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን መኪናዋን ከግቢው በር ውጭ አቆመች፤ አብሯት የመጣው ፖሊስ ወርዶ ሲጠብቃት እሷ ቦርሳዋን የምትፈትሽ መስላ ጥቂት ቁጭ አለች።

ግቢው የፈረስ ማሠልጠኛ ነው። መሐሉ ላይ በእንጨት የታጠረ ክብ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ጀርባ ረጅም ጋጣ። ጋጣው ውስጥ በአንድ ወገን የፈረሶቹ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው እስከ ደረት ብቻ የሚደርስ በር አላቸው። በሌላው ወገን ድፍን ግድግዳ ነው። በመሐል የሲሚንቶ መተላለፊያ ያልፋል።

ሟቹ የግቢው ባለቤትና አሠልጣኝ ነበር። «አባ ዝግታ» ይሉታል። ሰው ሲቻኮል ካየ «ዝግ በል፣ የሚያሳድድህ የለም» ማለት ይወድ ስለነበር የወጣለት ስም ነው። አሁን ከአንዱ ክፍል በር ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ በጎኑ ተጋድሟል። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ተሰብሯል። በቀኝ እጁ ረጅም ጅራፍ ይዟል። ጥቁሯ ባዝራ ከወዲያኛው ጥግ ተለጥፋ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ትንቀጠቀጣለች።

መርማሪዋ ባዝራዋን ስታይ ወደ ማዶው ግድግዳ አፈገፈገች። እዚያ ግን ሌላ ሰው ጀርባውን አስደግፎ ቆሟል፤ የሟቹ ሴት ልጅ ባል፣ በውድድር ሜዳ ስሙ የታወቀ ጋላቢ። ይቅርታ ብላ ከጎኑ ተሸጎጠች።

«መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ጎህ እንደቀደደ ነው። ጅራፉ ሲጮህ ሰማሁ፤ ደጋግሞ። ከዚያ ባዝራዋ አሽካካች። ሮጬ ስደርስ ሰውዬው ወድቋል።»

«ገብተህ አላነሣኸውም?»

«እንዴት ብዬ! አብዳ ነበር እኮ። ነፍሴን ጠልቼ ነው?»

«ይሄ መሬት ምን አረጠበው?» ሌላው መተላለፊያ ሁሉ አቧራ ለብሶ፣ ከዚህ በር ፊት ያለው ሲሚንቶ ብቻ ታጥቦ ጠቁሯል።

«ማታ የቀዳሁትን ውኃ ላጠጣ ባልዲ ይዤ ነበር። ስደነግጥ ከእጄ ወደቀ።»

«የሚስትህ አባት ፈረስ ይመታ ነበር?»

ጋላቢው ከንፈሩን ላሰ። «ድሮ አይመታም። ግን ሽማግሌ ሲሆን ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። እልህ ይዞት ይሆናላ።»

የሟቹን ልጅ ያገኘቻት ኮርቻና ልጓም በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ኮርቻ ይዛ ትወለውላለች፤ ያንኑ ቦታ፣ ደጋግማ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ ፈረስ መትቶ አያውቅም» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ጅራፍና ዱላ ግን ከእጁ አይለይም። ሰው ይሄ ግራ ይገባዋል።»

«እኔም ግራ ገብቶኛል። አስረጂኝ።»

ልጅቱ ከግድግዳው ላይ አንድ ቀጭን ዱላ አወረደች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

መርማሪዋ ጨፈነች። ትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ዝንብ ያረፈ ያህል ነካት። ምን እንደሆነ ሳታስብ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተራመደች።

«ይኸው ነው» አለች ልጅቱ። «አላመመዎትም፤ ግን ሄዱ። አባዬ ዱላ ክንድ ነው ይላል። ፈረስ ረጅም ነው፤ ፊቱ ቆመን ታፋው ድረስ እጃችን አይደርስም፤ ዱላው ይደርስልናል። አዲስ ፈረስ ሲመጣ መጀመሪያ መላ አካሉን በዱላው ማሻሸት ነው። አንገቱን፣ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ እግሩን። ዱላውን እንደ እጅ እስኪያየው ድረስ ሌላ ነገር አናስተምርም። ከዚያ በኋላ ትከሻውን ነካ ማድረግ ወደ ጎን ነው፤ ታፋውን ነካ ማድረግ ወደ ፊት ነው።»

«ፈረሱ ዱላውን ቢፈራስ?»

«ያጠፋነው እኛ ነን ማለት ነው። እንደገና ከአንገቱ እንጀምራለን።» ዱላውን መልሳ ሰቀለችው። «ባዝራዋ እኮ ትናንት ጅራፉ ጀርባዋ ላይ ተጋድሞ ታንቀላፋ ነበር።»

መርማሪዋ የተሰቀሉትን ጅራፎች አየች። የሁሉም ቀጭን ጫፍ ተቆርጦ፣ በቦታው የበግ ቆዳ ከነጸጉሩ ተጠቅልሎበታል።

«ጠዋት ምን ሰማሽ?»

ኮርቻውን የሚወለውለው እጅ ቆመ። «ምንም። ውኃ መሳቢያው ሞተር ጋ ነበርኩ። ሲነሣ ሌላ ድምፅ አያሰማም።»

«ባልሽ እንዴት ሰው ነው?»

«ደግ ነው» አለች ቶሎ። «ባለፈው ዓመት ከፈረስ ወድቆ ትከሻው ተሰብሮ ነበር። ድኗል። አሁን ደህና ነው።»

እውነቱን ለመናገር ልጅቱ ባሏ ደህና እንዳልሆነ ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለማንም አልተነፈሰችውም። አባቷ በእጁ ያሳደጋት ባዝራ እንድትተርፍላት ትፈልጋለች። ባዝራዋን የሚያተርፈው ቃል ግን ቤቷን እንደሚያፈርስ ገብቷታል። ስለዚህ ፀሐይዋን በመስኮት እያየች ትወለውላለች።

መርማሪዋ ስትወጣ ከደጅ ያለውን ቧንቧ ከፈተች፤ እጇን ልትታጠብ። ቧንቧው አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ወደ ታንከሩ ሄዳ በጣቷ አንኳኳችው፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

የባዝራዋ ባለቤት፣ ባለባዝራው፣ ሜዳው ዳር ቆሞ በአጭር አለንጋ የራሱን ቦቲ ይገርፋል። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ትንሽም የደነገጠ ሰው ነው።

«ነግሬው ነበር!» አላት ገና ሳትደርስ። «ዱላ ያልቀመሰ ፈረስ አይሮጥም አልኩት። ሳቀብኝ። ውድድሩ ደርሶ እሱ ፈረሴን በበግ ጸጉር ያሻሻል! መጨረሻ ላይ ራሱ ጅራፍ አነሣ፤ ይኸው አነሣሁ ሳይል ቀረ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ። ብቻዬን ነው የምነዳው፤ ምስክር የለኝም።» ላቡን ጠረገ። «ና ያለኝ እኮ እሱ ነው። ትናንት ደወለና ጋላቢ እንቀይራለን አለ።»

«ለምን እንደሆነ ነገረዎት?»

«ሲመጡ እነግርዎታለሁ አለ። ለምን ባዝራዋን ጠንከር አታደርጋትም ስለው ደግሞ ‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም› ብሎ ተረተብኝ። እኔ ላይ መቀለዱ ነው።»

«ምናልባት አልቀለደም ይሆናል» አለች መርማሪዋ። «እስቲ አለንጋዎን ልየው።» ከክንድ ያጠረ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ቆዳ ነው። አገላብጣ አይታ መለሰችለት።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሐኪሙ ባዝራዋ ክፍል ገብቶ ቀስ እያለ ይመረምራት ጀመር። መርማሪዋ ከግድግዳው ሳትላቀቅ ጥያቄዋን በጩኸት ትወረውራለች።

«ቁስል አለባት?»

«ሰንበር አለባት፤ አዲስ ነው። በበሩ በኩል ያለው ታፋዋ ላይ ብቻ። አጭር አጭር ነው፤ የጅራፍ ጫፍ ያረፈበት።»

«የሰውዬውስ ቁስል? ሰኮና ነው?»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሰኮና ግን ሰፋ ያለ ነው። የእሱ ቁስል የጠበበ ነው።» ሐኪሙ ለመደገፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የቆመ አካፋ ሲነካ ባዝራዋ ደንብራ ከጥጉ ጋር ተላተመች። እሱም ክው ብሎ ወጣ። «አዩ? እጀታ አይታ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

መርማሪዋ አንገቷን አስግጋ ወለሉን አየች። ባዝራዋ የቆመችበት ጥግ ጭዱ ተፈጭቶ ዱቄት መስሏል። ሬሳው በነበረበት ዙሪያ ግን እንደተነጠፈ ነው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም መተላለፊያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙ ቦርሳውን ይዟል። ባለባዝራው ሰዓቱን ያያል። ልጅቱ ባዝራዋ በር አጠገብ ቆማለች። ጋላቢው ግድግዳውን ተደግፏል።

«ባዝራዋ ሰው አልገደለችም» አለች መርማሪዋ።

ባለባዝራው «እንግዲያ ማን?» አለ።

«ዝግ ይበሉ፣ እደርስበታለሁ። ከጭዱ ልጀምር። የሚራገጥ ፈረስ የቆመበትን ጭድ ያተራምሳል። ሟቹ አጠገብ የነበረውን አንድ ሰኮና አልነካውም። እሷ ጥጓን ይዛ እዚያው ስትንቆራጠጥ ነበር። ሰውዬው የተመታው እዚህ፣ እኛ የቆምንበት ነው። ከዚያ በሩ እስኪዘጋ ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ተገፋ። የገፋው ሰው አንድ እርምጃ እንኳ ከበሩ አላለፈም። ውጭ የቀረውን ደም ደግሞ ባልዲ ውኃ አጠበው።»

«ወደቀብኝ አልኩሽ እኮ!» አለ ጋላቢው። ሌላው ሁሉ እርስዎ የሚላትን ሴት አንቺ አላት።

«ሰምቻለሁ። አሁን ወደ ጅራፉ።» በሟቹ እጅ የተገኘውን ጅራፍ ለሐኪሙ ሰጠችው። «እስቲ አጩኸው።»

ሐኪሙ ወደ ደጅ ወጥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወነጨፈው። ሽው አለ፤ ሌላ ድምፅ የለውም። ደገመው። ያው ነው።

«ጅራፍ የሚጮኸው በቀጭን ጫፉ ነው» አለች። «አባ ዝግታ የጅራፎቹን ሁሉ ጫፍ ቆርጦ የበግ ቆዳ አልብሷቸዋል። በዚህ ግቢ የተሰቀለ ጅራፍ መጮህ አይችልም። ግን ጋላቢው ጅራፍ ሲጮህ ሰምቷል፤ እኔም አምኜዋለሁ። ባዝራዋ ላይ ሰንበሩ አለ። ስለዚህ ሌላ ጅራፍ ነበር፤ የሌላ ሰው። ይህን ከተሰቀሉት አንሥቶ ሟቹን ያስያዘውም እሱ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ባለባዝራው ዞረ። ሰውዬው አለንጋውን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ፤ ከዚያ መደበቁ እንደሚያስጠረጥረው ገብቶት መልሶ አወጣው። «እኔ... እኔ የራሴን ቦቲ ነው የምመታው!»

«አይደንግጡ። በእርስዎ አለንጋ የሚመታ ሰው ከጎኗ መቆም አለበት። ይህኛው በረጅም ጅራፍ፣ ከበሩ ውጭ ሆኖ፣ በጫፉ ብቻ ነው ያገኛት። ወደ ውስጥ መግባት የማይደፍር ሰው ነው። ባዝራዋን የሚፈራ።»

«እዚህ ግቢ ፈረስ የሚፈራ የለም» አለ ጋላቢው።

«አለ። አንዷ እኔ ነኝ።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ዓይኑን አፈጠጠባት። መርማሪዋ ፊቷ ቀላ፤ ግን ቀጠለች።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ፈረስ ባለበት ስገባ የምሠራው አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ በጣም የሚርቀውን ቦታ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ልምድ ስላለኝ አላጣውም። ዛሬም አገኘሁት፤ ግን ሰው ቆሞበት ነበር። ለፈረስ የተፈጠረ የሚባል ሰው። ቀኑን ሙሉ ስከታተልህ ዋልኩ። ወደ ሜዳው ስትወጣም፣ ስትመለስም፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የምትሄደው። አሁንም እዚያው ነህ።»

ጋላቢው ከግድግዳው ሊላቀቅ ፈለገ። ባዝራዋ ከውስጥ አሽካካች። አልተላቀቀም።

«ሬሳ አይቼ ደንግጬ ነው!» አለ። «ማንም ይደነግጣል!»

«ይሁን። ታዲያ ጅራፍ ሰማሁ ብለህ ለምን ነገርከኝ? አልጠየቅኩህም እኮ። ዝም ብትል ኖሮ የጅራፍ ነገር ባልታሰበኝ። የነገርከኝ ሌላ ሰው ሰምቶ ይሆናል ብለህ ስለሰጋህ ነው። ቀድመህ ጩኸቱን ለሞተ ሰው አሸከምከው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።»

«ማን ነው የሰማው? ንገሪኝ! ማን?» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ሞተሩ ጋ አልነበርሽም እንዴ? ምንም አልሰማሁም ብለሽ የለ? ንገሪያቸው!»

«ሞተሩ ዛሬ አልተነሣም» አለች መርማሪዋ። «ታንከሩ ባዶ ነው።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ሄደች፤ ወደ ባዝራዋ በር መቅረቧ ነበርና ላብ አጠመቃት። «ልጄ፣ አልዋሽሽም። ያን ጅራፍ አላገኘሁትም። እኔ ያለኝ ጭድና ሰንበር ነው፤ ጠበቃ በአፉ እፍ ቢለው ይበተናል። ዝም ካልሽ እሱ ምናልባት ይተርፋል። እሷ ግን መርፌው ይጠብቃታል።»

ልጅቱ ባሏን አየችው። ስትናገር ድምጿ እምብዛም አይሰማም ነበር።

«ከኮርቻ ክፍሉ ጀርባ ነበርኩ። ጅራፉን ሰማሁ። ሰው መንገድ ላይ የሚያጮኸው መሰለኝ። ከዚያ አባዬ ሲያወራ ሰማሁ፤ ረጋ ብሎ፣ ፈረስ ሲያባብል እንደሚያወራው። ‹በል እስቲ ጅራፉን ስጠኝ፣ ልጄ› አለ። ለአንዱ ፈረስ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።» የባዝራዋን በር በሁለት እጇ ያዘች። «ተመለስኩ። ፈረስ ግን ጅራፍ አይይዝም።»

«ዝም በይ» አለ ባሏ። ልመና ነበር።

«ጅራፉ አልጋችን ሥር ነው። ሲያስገባው በመስኮት አየሁት። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ስወለውል የዋልኩት ወደዚያ ቤት መግባት ፈርቼ ነው።»

ፖሊሱ ሄዶ ሲመለስ ረጅም፣ እጀታው በብረት የተለበጠ ጅራፍ ይዟል። ሐኪሙ የእጀታውን ጫፍ አይቶ ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ስፋቱ ከቁስሉ ጋር አንድ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጋላቢው ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

«ከወደቅኩ ወዲህ እርካብ ስረግጥ ሰውነቴ ይርዳል» አለ። «ባዝራዋ ታውቅብኛለች። እኔን ስታይ ጆሮዋን ታጥፋለች። ብታስፈራኝ ጊዜ ላስፈራራት አልኩ፤ ማንም ሳይነሣ፣ ከበሩ ሆኜ። እሱ መጣ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ‹ፈርተሃል ልጄ፣ አያሳፍርም፤ ለባለቤቱ እነግርልሃለሁ፣ ታርፋለህ› አለኝ። እጁን ዘረጋ። ሰው ሁሉ ሊያውቅ ነው ብዬ... በያዝኩት መታሁት። አንዴ ነው። አንዴ ብቻ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለች ሚስቱ።

«ከሰው ሁሉ እንዳታውቂ የፈራሁት አንቺን ነው።»

ፖሊሱ እጁን ይዞ አስነሣውና ወሰደው።

ሐኪሙ ቦርሳውን ቆለፈ። ባለባዝራው ጉሮሮውን ጠራረገና «እንግዲያው ነገ መኪና ልላክና ልውሰዳት?» አለ።

«ማንም አይነካትም» አለች ልጅቱ። እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ባለባዝራው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ምን እንደሚያደርግበት ሳያውቅ፣ እንደያዘው ሄደ።

በሩን ከፍታ ገባች። ምንም አልያዘችም። ባዝራዋ ደንብራ ጥጉን ተለጠፈች። ባዝራዋ በእርግጫ ብትመታት ማን ይወቅሳታል? ጭዱ ላይ፣ አባቷ በወደቀበት አጠገብ፣ ቁጭ አለች።

«አባዬ የለም» አለቻት። «እኔም እንዳንቺው ፈርቻለሁ። ዛሬ ምንም አንሠራም።»

ባዝራዋ ከጥጓ አልተነቃነቀችም። ልጅቱም አልጠራቻትም። ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ መተላለፊያው ሲጨልም፣ እዚያው ተቀምጣ የባዝራዋን ትንፋሽ ታዳምጥ ነበር።